ከቧንቧ ሥር የሚሸሸው አሸዋ

በባሕር ወለል ላይ የተጋደመ የነዳጅ ወይም የጋዝ ቧንቧ በዙሪያው ያለውን የውኃ ፍሰት ስለሚያውክ፣ የተኛበትን አሸዋ የሚያሳጣው በአብዛኛው ራሱ ነው። ፍሰቱ በሚመጣበት በኩል የውኃው ግፊት ከፍ፣ በጀርባው በኩል ደግሞ ዝቅ ስለሚል፣ ውኃ በቧንቧው ሥር ባለው አሸዋ ውስጥ ሰርጎ ለማለፍ ይገደዳል፤ የግፊቱ ልዩነት ቅንጣቶቹን ለማንሳት ሲበቃም አሸዋና ውኃ ተቀላቅለው ከሥሩ ይፈናጠራሉ። በዚህ መንገድ የተከፈተውን ጠባብ መተላለፊያ የሚጣደፈው ውኃ ያሰፋዋል፤ ቀጥሎም ከቧንቧው ጀርባ የሚፈጠሩ አዙሪቶች ወለሉን እየጠረጉ ጉድጓዱን ያራዝሙታል።

የማያቋርጥ ፍሰት ባለበት አሸዋማ ወለል የጉድጓዱ ጥልቀት ብዙውን ጊዜ ከቧንቧው ዲያሜትር 0.6 እጅ ገደማ ሲደርስ ይቆማል፤ ይህም 50 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ቧንቧ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። አሳሳቢው ግን ጥልቀቱ ሳይሆን ርዝመቱ ነው፤ ጉድጓዱ በቧንቧው መሥመር ግራና ቀኝ እየተዛመተ ሲሄድ ቧንቧው ያለ ድጋፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በጀርባው እየተፈራረቁ የሚላቀቁት አዙሪቶች ከተንጠለጠለው ክፍል የንዝረት ምት ጋር ሲገጣጠሙ ቧንቧው እንደተመታ የክራር ክር ይርገበገባል፤ ብረቱም በተደጋጋሚ መተጣጠፍ የሚመጣው መሰነጠቅ፣ ማለትም የብረት ድካም፣ ይደርስበታል።

ጉዳዩ በአላስካ ኩክ ኢንሌት በተባለው ባሕረ ሰላጤ ጎልቶ ይታያል፤ በላይኛው ዳርቻው የባሕሩ ውኃ በየዕለቱ በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ከፍና ዝቅ ስለሚል ፍሰቱ እጅግ ብርቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የተዘረጋ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቧንቧ ጋዝ እያፈሰሰ መሆኑ በፌብሩዋሪ 2017 ቢታወቅም፣ ተንሳፋፊው በረዶ ጠላቂዎችን ስለከለከለ ጋዙ እስከ ኤፕሪል ድረስ ወደ ባሕሩ ሲወጣ ቆየ፤ ቀዳዳውም የተገኘው ቧንቧው ድንጋይ ላይ ባረፈበት ቦታ ነበር። ጥገናው ይህን ያህል በሚዘገይበት ባሕር፣ ያረጀ ቧንቧን ሥሩን ሳይመረምሩ ማቆየት ተገቢ አይደለም።

መሸርሸሩ ሁልጊዜ ጠላት አለመሆኑም ሊታወቅ ይገባል፤ የተንጠለጠለው ክፍል በቂ ርዝመት ሲኖረው ጎብጦ ወደ ጉድጓዱ ይወርድና አሸዋ መልሶ ስለሚሸፍነው፣ መሐንዲሶች በቧንቧው አናት ላይ ክንፍ መሰል ሳንቃ እየገጠሙ ይህን ራስን የመቅበር ሂደት ያፋጥኑታል። ድንጋይ መከመርም የተለመደ መከላከያ ነው፤ ነገር ግን ክምሩ ራሱ ፍሰቱን ስለሚያውክ ጠርዙ ይሸረሸራል። እንደ ደቡባዊው የሰሜን ባሕር ባሉ ሥፍራዎች ደግሞ በወለሉ ላይ ያሉት የአሸዋ ኮረብታዎች በየዓመቱ ስለሚንቀሳቀሱ፣ የተቀበረው ቧንቧ ዳግም ሊገለጥ ይችላል፤ ስለዚህም መርከቦች በድምፅ ሞገድ የሚለካ ሶናር ይዘው በየጊዜው እየተመላለሱ ወለሉን ይመዘግባሉ፣ አዲሱንም ልኬት ከቀደመው ጋር ያነጻጽራሉ።