ጥርስን ስለ ማፋጨት፤ ምክንያቱ፣ ምልክቱና ሕክምናው

ጥርስ ማፋጨት ማለት የሚታኘክ እህል በአፍ ሳይኖር የላይኛውን ጥርስ ከታችኛው ጋራ አጥብቆ መንከስ፣ ወይም ወዲያና ወዲህ እያሻሹ መፍጨት ነው። በግዕዝ ሐቅየ ስነን ይባላል፤ ዳዊት የደገመ፣ ወንጌልም ያነበበ ሰው ቃሉን ያውቀዋል። ነገር ግን በመጻሕፍት የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቍጣና ስለ ጸጸት ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንናገርለት ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ሰው ሳይቈጣና ሳያውቀው፣ ይልቁንም ተኝቶ ሳለ የሚያደርገው ነው። የሚያፋጨው ሰው ራሱ ድምፁን አይሰማም፤ የሚሰማው አጠገቡ የተኛው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ በጉና ተራራ ግርጌ የቆሎ ተማሪ ሳለ ስድስት ሆነን በአንዲት ጎጆ እናድር ነበር። ከመካከላችን አንዱ፣ ዕድሜው 9 ወይም 10 ቢሆነው ነው፣ ሌሊት ሌሊት ጥርሱን ያፋጭ ነበርና ድምፁ እንደ ወፍጮ ሆኖ ከእንቅልፋችን ያነቃን ነበር። እኛም ‹‹ወስፋት ይዞታል›› ብለን ተማከርን፤ ከመንደሩም ኮሶ ለምኖ ያመጣው ይህን የሚጽፈው ሰው ራሱ ነው። መጠኑን የሚያውቅ አልነበረም፤ ለትልቅ ሰው የሚበቃውን ለሕፃን አጠጣነው። ልጁ ሁለት ቀን ሙሉ አስመለሰው፣ አስቀመጠውም፤ ቆሞ መሄድ አቃተው፤ ዐይኔ ጨለመብኝ እያለ ያለቅስ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ። በአራተኛው ሌሊት ግን እንደ ቀድሞው ጥርሱን ሲያፋጭ ሰማነው። ኮሶው ሆዱን አጠበው እንጂ ጥርሱን አላስተወውም። በዚያው ሰሞን ልጁ በየኔታ ፊት ዳዊቱን ሊያስመዝን ተራ ይዞ እንደ ነበረና አለንጋውንም እጅግ ይፈራ እንደ ነበር ትዝ ያለን ሰው አልነበረም።

በደብረ ታቦር ዙሪያ፣ በፋርጣም በእስቴም በጋይንትም ልጅ በእንቅልፉ ጥርሱን ሲያፋጭ የሰማ ሰው ነገሩን ለወስፋት መስጠቱ የተለመደ ነው። ይህ አሳብ ያገራችን ብቻ አይደለም፤ በሌሎች አገሮችም በብዙ ቦታ ይነገራል። ሐኪሞች ነገሩን መርምረው የሆድ ትል ጥርስን የሚያፋጭ ለመሆኑ የሚያስተማምን ማስረጃ አላገኙም። ስሕተቱ የመጣበት መንገድ ለማስተዋል አይከብድም፤ በሕፃናት ዘንድ የሆድ ትል ብዙ ነው፤ ጥርስ ማፋጨትም ብዙ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ሲገኙ አንደኛው የሁለተኛው ምክንያት መስሎ ይታያል።

ደግሞም ኮሶ አባቶቻችን ለይተው ያገኙት ጥሬ ሥጋ ከመብላት ለሚመጣው ለኮሶ ትል ነው፤ ወስፋት ግን ባልታጠበ እጅና ባልታጠበ አትክልት የሚገባ ሌላ ትል ነው። ኮሶ ከልክ ሲያልፍ መርዝ ነው፤ የዐይንን ብርሃን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። እንቆቆም ቢሆን በልኬት የማይሰጥ መድኃኒት ስለ ሆነ ለሕፃን አይገባም። ልጁ በእውነት ትል እንዳለበት የሚያሳይ ምልክት ቢገኝ፣ ለምሳሌ በዐይነ ምድሩ ትል ቢታይ፣ ሆዱ ቢነፋ፣ ከሲታም ቢሆን፣ ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ይመርመር። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ በትምህርት ቤቶች የትል መድኃኒት መስጠት ስለ ተጀመረ መምህራን ነገሩን ያውቁታል። ያ መድኃኒት የሚሰጠው ለትል ነው፤ ልጁ ከዋጠው በኋላ ማፋጨቱ ባይቀር መድኃኒቱ አልሠራም ተብሎ ሊነቀፍ አይገባውም።

እንግዲህ ምክንያቱ ትል ካልሆነ ምንድር ነው? አንድ ብቻ ምክንያት የለውም። ሰው ሲተኛ እንቅልፉ ሌሊቱን ሙሉ እኩል አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ይጠልቃል፤ አንዳንድ ጊዜ ይሳሳል። በሚሳሳበት ጊዜ አእምሮ ለጥቂት ቅጽበት ይነቃቃል፤ ልብም ፈጠን ብሎ ይመታል፤ ያን ጊዜ የመንጋጋ ጡንቻ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ይህን መነቃቃት የሚያበዛ ነገር ሁሉ ማፋጨትን ያበዛል። ከእነዚህም የመጀመሪያው የልብ ጭንቀት ነው፤ ፈተና የቀረበበት ተማሪ፣ ዕዳ ያለበት አባወራ፣ ሐዘን የተቀመጠች እናት ሌሊት ጥርሳቸውን ቢነክሱ አያስደንቅም። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነት እስከ ነፋስ መውጫና እስከ ደብረ ታቦር ዳርቻ በደረሰ ጊዜ ተኩስ የሰሙ ሕፃናትን ያሳደገ ሰው፣ ፍርሃት ከቀን ወደ ሌሊት እንዴት እንደሚተላለፍ ሌላ ሰው ሊያስተምረው አያሻም።

ሁለተኛው የሚጠጣውና የሚቃመው ነው። ወደ ማታ የሚጠጣ ቡና፣ አረቄና ብዙ ጠላ፣ ትንባሆና ጫት እንቅልፍን ስለሚሰብሩ ማፋጨትን ያብሳሉ። አረቄ ሰውን ያስተኛል ይባላል፤ ማስተኛቱስ ያስተኛል፤ ነገር ግን ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ እንቅልፉን ይረብሸዋል። ለአእምሮ ጭንቀት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዳንዶቹም ይህን ያመጣሉ፤ እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ይንገር እንጂ በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ። ዳግመኛም ቃር የሚያሠቃየው ሰው፣ እንዲሁም እጅግ የሚያንኮራፋና በእንቅልፉ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ሰው ከሌላው ይልቅ ያፋጫል። ከዘር የሚወረስበትም ጊዜ አለ፤ አባቱ ያፋጭ የነበረ ልጅ ማፋጨቱ ይበዛል። ቀድሞ ሐኪሞቹ ራሳቸው ምክንያቱ የላይና የታች ጥርስ በልክ አለመግጠሙ ነው ይሉ ነበርና ስንት ሰው ደኅና ጥርሱን አስሞረደ፤ ዛሬ ያ አሳብ ደክሟል። በዚህ ነገር የተሳሳቱት የመንደራችን ባልቴቶች ብቻ አይደሉም።

ቀን የሚያፋጭም አለ። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ የለውም፤ ሰውየው በሥራ ሲጠመድ ጥርሱን ገጥሞ ይነክሳል። የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊም ሒሳብ ሲደምር መንጋጋውን አጥብቆ መግጠሙን ያወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ማታ ማታ ጆሮ ግንዱን ሲያመው ነው።

አሁን ከጥርስ ማፋጨት ጋራ ሊምታቱ የማይገባቸውን እንለይ፤ ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነውና ልብ ይባል። በውርጭ ጧት የሰው ጥርስ ቢንቀጫቀጭ ብርድ ነው፤ ሰውነቱ ሲሞቅ ይተወዋል። ወደ ፎገራ ሜዳ ለሥራ ወርዶ የተመለሰ ሰው ከትኵሳት ጋራ ቢንቀጠቀጥና ጥርሱ ቢንገጫገጭ ወባ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ደሙ ይመርመር። ልጅ ጥርሱን ነክሶ ቢወድቅ፣ አካሉ ቢንፈራገጥ፣ አረፋ ቢደፍቅ፣ ሲነቃም የሆነውን የማያውቅ ቢሆን ይህ የሚጥል በሽታ ነው፤ መድኃኒትም አለው። በማርቆስ ወንጌል የተነገረውን ሕፃን የሚያስቡ ሽማግሎች ልጁን ወደ ጠበል ቢወስዱት የሚከለክላቸው የለም፤ ከሐኪም የተሰጠውን ኪኒን ግን አያስጥሉት። በአፉም ማንኪያ ወይም እንጨት አያግቡበት፤ በጎኑ ያስተኙት እንጂ። ቍስል ካገኘው ወይም እትብቱ በንጹሕ ነገር ካልተቈረጠ በኋላ መንጋጋው አልከፈት ያለው፣ ሕፃን ቢሆን መጥባት ያቃተው፣ መንጋጋ ቆልፍ ነውና አንድ ሰዓት ሳይውል ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

የጥርስ ማለቅም ሁሉ ከማፋጨት አይደለም። በደጋው የገብስ ቆሎ ሲቈረጥም የኖረ፣ በድንጋይ ወፍጮ የተፈጨ ዱቄት ሲበላ ያረጀ ሽማግሌ ጥርሱ ጠፍጣፋ ሆኖ ቢገኝ፣ የወፍጮው ድንጋይ ብናኝና የአውድማው አፈር ከእህሉ ጋራ ገብተው ሞርደውት ሊሆን ይችላል።

የማፋጨት ምልክት እንግዲህ የሚታወቀው ብዙው ባንድነት ሲገኝ ነው። አጠገቡ የሚተኛው ድምፁን ይሰማል፤ ሰውየው ጧት ሲነሣ መንጋጋው ይደክመዋል፣ አፉን ሲከፍት ያመዋል፤ ራሱንም በሁለቱ ጆሮ ግንድ በኩል ይፈልጠዋል፤ ከረፋዱ በኋላ ይተወዋል። የፊት ጥርሱ ጫፍ እንደ ተሞረደ ቀጥ ይላል፤ ክራንቻው ሹልነቱን ያጣል። የምላሱ ዳር የጥርስ ቅርጽ ይታተምበታል፤ በጕንጩ ውስጥ ነጭ መሥመር ይታያል። ብዙ ዓመት ያፋጨ ሰው የመንጋጋው ጡንቻ ወፍሮ ፊቱ አራት ማዕዘን ይመስላል። የጥርስ የላይ ልባሱ ከሰውነት ሁሉ የጠነከረ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ካለቀ ዳግመኛ አይበቅልም። ልባሱ ሲሳሳ የጉና ንፋስና የምንጭ ውኃ ጥርስን ይቀጫሉ፤ ከዚያም ጥርሱ ይሰነጠቃል።

ለሕፃናት የሚደረገው ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ መታገሥ ነው። የወተት ጥርሶች 20 ናቸው፤ ከ6 ዓመት ገደማ ጀምሮ እየወለቁ በቋሚ ጥርስ ይተካሉ። ከሕፃናት ብዙዎቹ ሲያድጉ ማፋጨቱን ራሳቸው ይተዉታል፤ የወተት ጥርሳቸው ጥቂት ቢያልቅም ቋሚው ከሥር ይመጣል። ስለዚህ በሕፃን ጥርስ ላይ ብረት የሚያነሣ ሰው ሁሉ ይከልከል። በጎንደር አገር ሕፃን ሲታመም ድዱን ፈልፍሎ ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ መንቀልና እንጥል መቍረጥ የኖረ ልማድ መሆኑ የታወቀ ነው። ከዚህ ብዙ ደም መፍሰስ፣ መመርቀዝ፣ መንጋጋ ቆልፍም ይመጣል፤ የቋሚው ጥርስ ዘርም ከሥሩ ይበላሻል። በአዋጅ ቍጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግም ሕፃናትን በጎጂ ልማድ የሚጐዳውን ሰው ይቀጣል። የሚያንኮራፋና አፉን ከፍቶ የሚተኛ ልጅ ቶንሲሉ አብጦ ሊሆን ስለሚችል የሚያየው ሐኪም ነው፤ የመንደር ቈራጭ አይደለም።

መምህሩ ሊያደርገው የሚችለው ቀላል አይደለም። በክፍሉ እያንቀላፋ፣ ጧት ጧት ራሱን እያመመው የሚመጣ ልጅ ቢያይ፣ ሰነፍ ነህ ብሎ ከመገሠጹ በፊት ሌሊት እንዴት እንደሚያድር እናቱን ይጠይቅ፤ በቤቱ ጠብ ወይም ሐዘን እንዳለም ይወቅ። በፈተና ሰሞን ተማሪን በማስፈራራት ትጉህ ማድረግ አይቻልም። ወላጆችም ልጁ ከመተኛቱ በፊት የጅብና የጭራቅ ተረት ከማውራት ይተዉ፤ በጊዜ ያስተኙት፤ ቡናም አያቅምሱት። ሌሊት ሲያፋጭ እየቀሰቀሱ መቈጣት አይጠቅምም፤ ፍርሃቱን ይጨምረዋል።

ትልልቅ ሰዎች ቀን የሚነክሱትን በማስተዋል ሊተዉት ይችላሉ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ አፍ ሲዘጋ ከንፈርና ከንፈር ይገናኙ፣ የላይና የታች ጥርስ ግን አይነካኩ፤ ጥርስ የሚገናኘው ለማኘክና ለመዋጥ ነው። ሥራ በጀመሩ ቍጥር፣ ደወል በሰሙ ቍጥር መንጋጋን ላላ ማድረግ ልማድ ይሆናል። ያመመውን ጡንቻ በሙቅ ውኃ በተነከረ ጨርቅ መተኮስና በጣት ማሸት ያሳርፈዋል፤ በዚያ ሰሞን ጠንካራ ቆሎ መተው ነው። ቡናውን ከቀትር በኋላ፣ አረቄውን ደግሞ ፈጽሞ ማስቀረት ይሻላል።

ጥርሱ እየሳሳ የሚሄድበት ሰው ግን የጥርስ ሐኪም ይየው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የጥርስ ሕክምና ክፍል አለ፤ ከደብረ ታቦር ለሚነሣ ወደ ባሕር ዳርም መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐኪሙ የጥርሱን ልክ ወስዶ ሌሊት የሚጠለቅ የፕላስቲክ ሽፋን ያሠራለታል። ይህ ሽፋን ማፋጨቱን አያስተውም፤ ሽፋኑ በጥርሱ ፈንታ ይፈጫል እንጂ። እጅግ ለበረታበትም ጡንቻውን የሚያደክም መርፌ አለ፤ ኃይሉ ከጥቂት ወራት በኋላ ስለሚያልቅና ዋጋውም ከባድ ስለ ሆነ ለሁሉ አይታዘዝም። ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው አጠገቡ የሚተኛውን ይዞ ቢሄድ መልካም ነው፤ ሌሊት የሆነውን የሚመሰክረው እርሱ ነውና። ሽፋኑም ጧት ሲወልቅ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ በዕቃው ይቀመጣል፤ በፈላ ውኃ ከነከሩት ቅርጹ ተጣሞ ማታ በጥርሱ ልክ አይገባም።