ለጡት ነቀርሳ የተደረጉ ጉዞዎች

በልዩ ልዩ አገሮች ለበጎ አድራጎት ሥራ ገንዘብ ለማሰባሰብ ረጅም መንገድ በእግር መጓዝ የተለመደ ነው። ተጓዡ የሚሄድበትን ርቀት አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ወዳጆቹና የሥራ ባልደረቦቹም ለጉዞው የአቅማቸውን ያህል ለመስጠት ቃል ይገባሉ። ፖሊ ሌቶፍስኪ የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1999 ከኮሎራዶ ተነሥታ 22 አገሮችን በእግሯ በማቋረጥ በ2004 ወደ ተነሣችበት ተመልሳለች። የተጓዘችውም ርቀት ከ22,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዓላማዋ ስለ ጡት ነቀርሳ፣ ማለትም ስለ ጡት ካንሰር፣ ሕዝብን ማንቃትና ርዳታ ማሰባሰብ ነበር።

በሱዳን ግን ረጅሙን መንገድ ስትጓዝ የኖረችው በሽተኛዋ ራሷ ናት። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት ይገኝ የነበረው ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት በዋና ከተማው በካርቱም፣ በኋላም በዋድ መዳኒ ነበር። በምዕራብ ዳርፉር ከምትገኘው ከኤል ጄኔይና ተነሥቶ ካርቱም ለመድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። የመሳፈሪያው ዋጋ፣ በከተማው የሚታደርበት ቤት፣ ይልቁንም ትተዋቸው የሚሄዱት ልጆች ጉዳይ ሲታሰብ ብዙዎች ቀኑን ያራዝሙታል። እብጠቱም በመጀመሪያ ብዙውን ጊዜ ስለማያም ችላ ይባላል። በዚህ መካከል ነቀርሳው ከጡት ወደ ብብት፣ ከዚያም ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበትና ወደ አጥንት ይዛመታል።

ሐኒያ ሙርሲ ፋድል የተባሉት ሱዳናዊት የራጅ ሐኪም በብሪታንያ ሲሠሩ ቆይተው ወደ አገራቸው በመመለስ በ2010 የካርቱምን የጡት ሕክምና ማዕከል አቋቋሙ። ገንዘቡ የተገኘው ከሞ ኢብራሂም ፋውንዴሽን ነበር።

በዚያው ዓመት ከካርቱም በስተ ደቡብ፣ በሁለቱ ወንዞች መካከል በተዘረጋው የጥጥ አገር በገዚራ፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሌላ ሥራ ተጀመረ። የከሬመት አካባቢ ሴቶች በበጎ ፈቃደኝነት ተመልምለው ጡትን በእጅ ዳስሶ እብጠትን መለየት ተማሩ፤ ከዚያም ጎረቤቶቻቸውን ይመረምሩ ጀመር። መርማሪዋ የምትታወቅ የመንደር ሰው መሆኗ እፍረቱን ሳያቀልለው አልቀረም። እስከ 2012 ድረስ ከ14,788 ሴቶች 10,309 ተመረመሩ። በ138ቱ ላይ አጠራጣሪ ምልክት ሲታይ፣ 118ቱ ወደ ሆስፒታል ሄዱ፤ 17ቱም ነቀርሳ እንዳለባቸው ታወቀ። ከነዚህ የ12ቱ በሽታ ገና በጅምሩ ስለ ነበር ከሕክምና በኋላ ከበሽታው ነጻ ሆነው ተገኙ። ይህ ሥራ ባልተሠራበት ሌላ አካባቢ ለምርመራ የመጡት አራት ሴቶች ብቻ ሲሆኑ፣ የሦስቱ በሽታ ሥር የሰደደ ነበር።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ አብዛኞቹ የከተማው ሆስፒታሎች ሥራቸውን አቋረጡ፤ የጡት ሕክምና ማዕከሉም ተዘጋ። ሕክምና ከጀመሩት አንዳንዶቹ ወደ ዋድ መዳኒ ሸሹ፤ በታኅሣሥ ወር ጦርነቱ እዚያም ደረሰ። ከዚያ ወዲያ የጨረር ሕክምና የምትሻ ሴት ወደ ሰሜን ወደ ሜሮዌ መጓዝ፣ አለዚያም ድንበር ተሻግራ ግብፅ መግባት ነበረባት።