የማኅበር ገንዘብ ከሣጥን እስከ ስልክ

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው የጎብዬ ስም በማሽላ ዘር ላይም ይጠራል። ለቆላማው አካባቢ ከወጡት የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ጎብዬ» ነው፤ የታወቀውም አቀንጭራን በመቋቋሙ ነው። እያንዳንዱ ገበሬ እንደሚያውቀው አቀንጭራ የሚጎዳው ገና ከመሬት በታች ሳለ፣ በሰብሉ ሥር ላይ ተጣብቆ ነው። አበባው ብቅ ብሎ በሚታይበት ጊዜ ሰብሉ ከተመጠጠ ቆይቷል። «ጎብዬ» ማሽላ አቀንጭራን የሚቋቋመው ከበቀለ በኋላ በመታገል አይደለም። የአቀንጭራን ዘር ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰውን ፈሳሽ ከሥሩ እጅግ አሳንሶ ስለሚያወጣ ጠላቱ ከመጀመሪያውም አይነሣበትም።

የማኅበር ገንዘብ ጉድለትም እንደዚሁ ነው። ጉድለቱ በሒሳብ ምርመራ የሚታየው ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ሥር የሚሰደው ግን አንድ ሰው ብቻውን ገንዘብ ተቀብሎ፣ ብቻውን መዝግቦ፣ ብቻውን ባወጣበት ቀን ነው። ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ዋና ተግባር የጎደለውን ገንዘብ ማሳደድ ሳይሆን፣ ጉድለት የሚቀሰቀስበትን አሠራር አስቀድሞ ማስወገድ ነው።

ይህ አሠራር ለወሎ ገበሬ አዲስ አይደለም። በየመንደሩ ያለው ቅሬ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ጸሐፊው ገንዘብ አይዝም፤ ገንዘብ ያዡ ያለ ሰብሳቢው ፈቃድ አያወጣም። ይህ የሆነው አባላቱ እርስ በርስ ስለማይተማመኑ አይደለም። መተማመናቸው እንዳይበላሽ ብለው ያበጁት ሥርዓት ነው።

በየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 71/1968 የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲደራጁ፣ ሣጥንና መዝገብ የመሪዎች ኃላፊነት ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተለዋውጧል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 እንዲመሩ ተደርጓል። ቁጥጥር ኮሚቴ እንዲመረጥና ሒሳብ እንዲመረመር የሚጠይቀው መሠረተ ሐሳብ ግን ያው ነው።

በትልልቅ ኩባንያዎች ዘንድ የገንዘብ አያያዝ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ባለሙያዎቹ በየዕለቱ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳሉ፤ ዛሬ በእጃችን ያለው ስንት ነው? በመጪዎቹ ወራት የሚገባውና የሚወጣው ስንት ነው? ክፍያውን ማን አዘጋጅቶ፣ ማን አጸደቀው? ሦስተኛው ጥያቄ ችላ ሲባል የሚደርሰውን ጥፋት በ1762 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቋቋመው የእንግሊዝ ባሪንግስ ባንክ አሳይቷል። በባንኩ የሲንጋፖር ቅርንጫፍ የሚገበያየውም፣ የግብይቱን መዝገብ የሚቆጣጠረውም አንድ ሰው ነበር። ኪሳራውን ሸሽጎ ስላቆየው ከ230 ዓመት በላይ የኖረው ባንክ በ1995 እንደ እነርሱ አቆጣጠር ከ800 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከስሮ ወደቀ። ባንክን የሚጥል ጉድለት የማኅበርን ሣጥን ባዶ ለማድረግ አይቸገርም።

ሁለተኛው ጥያቄ ማለትም የገንዘብ ዕቅድ ከእርሻ ወራት ጋር የተያያዘ ነው። በራያ ቆቦ ቆላ የማሽላና የጤፍ ምርት የሚሰበሰበው በመኸር ነው። በመስኖ የሚለማው ሽንኩርት ደግሞ በበጋ ለገበያ ይቀርባል። የዘርና የማዳበሪያ ወጪ የሚመጣው ገንዘብ በሚሳሳበት በክረምት መግቢያ ነው። የማኅበር ጸሐፊ አሥራ ሁለቱን ወራት በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሮ፣ በየወሩ ትይዩ የሚገባውንና የሚወጣውን ቢጽፍ፣ እጥረቱ የሚመጣበትን ወር ከወራት በፊት ያየዋል። በሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የተመሠረተ ዕቅድ መጠባበቂያ ያስፈልገዋል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሥራ ፈት ገንዘብም ጉዳይ አለ። ለምሳሌ 300 አባላት ያሉት ማኅበር ለግብዓት መግዣ ከእያንዳንዱ 2,000 ብር ቢሰበስብ 600,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ሦስት ወር በሣጥን ቢቀመጥ አንድ ሳንቲም አይወልድም። በዓመት 7 በመቶ ወለድ በሚከፍል የቁጠባ ሒሳብ ቢገባ ግን ግብር ሳይቀነስ 10,500 ብር ያስገኛል።

ሣጥን ሌላም አደጋ አለበት። በ1969፣ በ1990 እና በ2013 የብር ኖቶች ተቀይረዋል። በመስከረም 2013 በተደረገው ለውጥ የቀድሞዎቹ ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብር ኖቶች በሦስት ወር ውስጥ እንዲቀየሩ ሲደረግ፣ በባንክ የነበረ ገንዘብ የመቀየሪያ ሰልፍ አላስፈለገውም። ከዚህ የከፋው ጦርነቱ ነው። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 የራያ ቆቦ አካባቢ በሕወሓት ኃይሎች ሥር ሲቆይ ባንክ ተዘግቷል፣ መብራትና ስልክ ተቋርጧል። በነሐሴ 2014 ጦርነቱ እንደገና ተቀስቅሷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በሣጥን ያለ ገንዘብ ከሣጥኑ ጋር ይጠፋል። በባንክ ያለው ሒሳብ ግን መዝገቡ በማዕከል ስለሚያዝ፣ የቅርንጫፉ በር ቢዘጋም ሰላም ሲመለስ ይገኛል።

አሁን ደግሞ ገንዘብ በስልክ መንቀሳቀስ ጀምሯል። በጎረቤት ኬንያ ኤምፔሳ በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጀመረ። በአገራችን ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ሥራ ጀመሩ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም ሲቢኢ ብር የተባለ አገልግሎት አለው። ቴሌብር *127# በመደወል ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክም ይሠራል። ስለዚህ ማኅበሩ የሽንኩርት ዋጋን ለአባላቱ በስልክ ቢከፍል፣ ገንዘብ በከረጢት ይዞ መንገድ ላይ መዋል ይቀራል፤ እያንዳንዱ ክፍያም ቀንና መጠን ይዞ ይመዘገባል።

ይሁን እንጂ ስልክ ሥርዓትን አይተካም። ትልቁ ስሕተት የማኅበር ገንዘብን በሊቀ መንበሩ ወይም በገንዘብ ያዡ የግል ስልክ ቁጥር ማስገባት ነው። ገንዘቡ የሚመዘገበው በግለሰቡ ስም በመሆኑ፣ ሰውዬው ቢሞት ወይም ከኃላፊነቱ ቢነሣ የአባላቱ ላብ የክርክር ነገር ይሆናል። ሒሳቡ በማኅበሩ ሕጋዊ ስም ሊከፈት፣ ወጪውም በሁለት ፈራሚዎች ሊጸድቅ ይገባል። ባንኮች ለድርጅቶች በሚሰጡት የኤሌክትሮኒክ አገልግሎትም አንዱ ክፍያውን የሚያዘጋጅበት፣ ሌላው የሚያጸድቅበት አሠራር አለ። የምስጢር ቁጥሩን ለጸሐፊም፣ ለልጅም፣ «ከባንክ ነው የምደውለው» ለሚል ድምፅም መስጠት ሣጥንን ከነቁልፉ እንደ ማስረከብ ይቆጠራል።

አውታርም ይጠፋል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ አብዛኛው ገንዘብ በባንክ፣ ለክፍያ የሚያስፈልገው በስልክ፣ ለዕለት ወጪ የሚበቃ ጥቂት ብር በሣጥን ቢሆን፣ የሦስቱም ሒሳብ በአንድ የወረቀት መዝገብ ቢሰፍር ይበጃል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ።

የማኅበር መሪዎች ያለ ብዙ ወጪ ሊጀምሯቸው የሚችሉ አምስት ተግባራት አሉ። አንደኛ፣ ገንዘብ የሚይዝ፣ የሚመዘግብና ወጪ የሚፈቅድ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ገቢ ተከታታይ ቁጥር ባለው ደረሰኝ ይቆረጥ፤ የተበላሸውም ደረሰኝ አይቀደድ። ሦስተኛ፣ በየወሩ የመዝገቡ ሒሳብ ከባንኩና ከስልኩ መግለጫ ጋር ይመሳከር። አራተኛ፣ ቁጥጥር ኮሚቴው ቀን ሳያሳውቅ ሣጥኑን ይቁጠር፤ ውጤቱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። አምስተኛ፣ ቀሪው ሒሳብ ለጠቅላላ ጉባኤ በግልጽ ይነበብ፤ ማንበብ የማይችለውም አባል ሰምቶ ይጠይቅ።

ይህን ሲያደርጉ የሚቀየም ገንዘብ ያዥ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ቁጥጥሩ ከማንም በላይ የሚጠብቀው እርሱን ነው። ጉድለት በተሰማ ቀን ንጹሕ መሆኑን የሚመሰክሩለት ደረሰኙ፣ የሁለተኛው ሰው ፊርማና የወሩ ማመሳከሪያ ናቸው። እነዚህ የሌሉት ገንዘብ ያዥ ሐቀኛ ቢሆንም እንኳ ሐቀኝነቱን የሚያስረዳበት የለውም፤ ማኅበሩም ገንዘቡንና ጥሩ ሰውን በአንድ ቀን ያጣል።