እንቁላሉ ለልጁ፣ ኩሱ ከልጁ ይራቅ

በመቱም ሆነ በጎሬ በብዙ ግቢ ዶሮ አይጠፋም። ቀን ጓሮ ስትጭር ትውላለች፤ ሲመሽ ዝናቡና ሸለምጥማጡ ተፈርቶ ከሰው ጋር ቤት ትገባለች። በነርስነት ስሠራ፣ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ይዛ የመጣችን እናት ስለ ውሃው ከጠየቅኋት በኋላ፣ «ዶሮዎቹስ የት ያድራሉ?» እላት ነበር። ብዙዎቹ፣ «አልጋ ሥር» ይሉኛል።

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልነበረም። የዶሮ ኩስ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉ ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያዎችን ሊይዝ ይችላል፤ የሚድህ ልጅ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ ገጠር ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመት የተሻሉ ሆነው እንደተገኙ ያሳያል። ዶሮዎቹ ሰው በሚኖርበት ቤት ማደራቸው ግን ከልጆች ቁመት ማነስ ጋር ተያይዞ ታይቷል።

ስለዚህ ዶሮዋን አትሽጧት፤ ማደሪያዋን ለዩላት። ዝናብ ለሚበዛበት ለእኛ አገር ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ክዳኑ የማያፈስ፣ በሩ በደንብ የሚዘጋ ትንሽ የዶሮ ቤት ይበቃል። ኩሱን የጠረገ ሰው ልጅ ከማቀፉ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ። ፈንግል ገብቶ ሁሉንም ሳይጨርስ ደግሞ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስለ ክትባቱ ጠይቁ፤ እዚሁ አገር ቢሾፍቱ ይመረታል።

አያቶች ሆይ፣ ለእንግዳና ለገበያ ከምታስቀምጡት እንቁላል ውስጥ አንዷ፣ በደንብ ተቀቅላ፣ ስድስት ወር ላለፈው የልጅ ልጃችሁ ትድረሰው።