ከደላላው ቀድሞ የሚደርስ ትምህርት ቤት

ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻና ከዶርዜ አካባቢ ወደ አዲስ አበባ ለሽመና የሚወሰዱ ሕፃናት አብዛኞቹ ታፍነው አይደለም የሚሄዱት። ወሳጃቸው የሚያውቁት ሰው ነው፦ አጎት፣ የጎረቤት ልጅ፣ ለመስቀል አገር ቤት የገባ ሸማኔ። ለወላጅ የሚነገረውም «ሥራ እያስለመድኩ አስተምረዋለሁ» የሚል ቃል ነው። ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ግን ልጁ ክር ሲያጠነጥን ይውላል፤ ትንሽ ቆይቶም እግሩን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ መርገጫ ይረግጣል። የደብተሩን ነገር የሚያነሳ የለም። ይህ ወሳጅ፣ ማለትም ደላላው፣ ወላጁን የሚያሳምነው በትምህርት ስም ከሆነ፣ ገበያውን የሚያሳጣውም እዚያው ቀበሌ ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ከሁሉ ይልቅ የሚመቸው ደግሞ ብዙ የማይወራለት የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ማዕከል ነው።

ማዕከሉ የተፈጠረው ሕገወጥ ዝውውርን ለመከላከል ተብሎ አይደለም፤ መደበኛ ትምህርት ቤት ያልደረሰላቸውን ከ7 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ለመድረስ ነው። የአራት ዓመቱን የመጀመሪያ እርከን ትምህርት በሦስት ዓመት ያስጨርሳል፤ ሰዓቱን ከከብት ጥበቃውና ከአጨዳው ጋር ያስማማል፤ ከነዋሪው የተውጣጣ ኮሚቴም ያስተዳድረዋል። አስተማሪው «አመቻች» ይባላል፣ የሚመለመለውም ከዚያው አካባቢ ነው። እኔ ትልቁን ጥቅም የማየው እዚህ ላይ ነው። ከሩቅ ተመድቦ የመጣና ክፍሉ የተጨናነቀበት መምህር፣ የቀረ ልጅ ሲበዛ መዝገቡ ላይ «አቋረጠ» ብሎ ያልፋል። አመቻቹ ግን የልጁን ቤት ያውቃል፤ እናቱን ገበያ ላይ ያገኛታል፤ «ወዴት ሄደ?» ብሎ ቢጠይቅ ነገር ፈላጊ አይባልም። ሌላም ቀላል ማጣሪያ አለ። ልጁን ከተማ አስገብቼ አስተምራለሁ የሚል ዘመድ የትምህርት መሸኛ ያስፈልገዋል። መሸኛ ሳይጠየቅለት የጠፋ ልጅ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ስለመሄዱ መጠራጠር ይገባል፤ ኮሚቴው ለቀበሌው የሚያሳውቀውም ያኔውኑ መሆን አለበት፣ ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ አይደለም።

«ችግሩ ድህነት ነው፤ የተራበ ቤተሰብ ፊደል አይበላም» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ሆኖም ድሃ የሆነ ቤት ሁሉ ልጁን አይሰጥም። ብዙ ወላጅ ልጁን የሚሰጠው ከሆዱ ይልቅ ለነገው አስቦ ነው፣ ለዚህም ነው የደላላው ቃል የሚሠራው። ሕጉ አለ የሚሉም አሉ። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው መነገድን በብርቱ ይቀጣል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ም ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ይሁንና ሕግ የሚደርሰው ልጁ ከሄደ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ተከሳሹ አጎት፣ ምስክሯ እናት ትሆናለች። እንዲህ ያለ መዝገብ እንዴት እንደሚያልቅ ለሀገራችን ሰው ማስረዳት አያሻም፤ ሽማግሌ ይገባበታል።

የሚከብደኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፦ ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ ልጃገረዶችስ ወደ አረብ አገር እየሄዱ አይደለም ወይ? እየሄዱ ነው። ትምህርት ቤት ስደትን አያቆምም፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጁን ተይዞ መወሰዱንና የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ውሉን አንብባ መሄዷን ግን አንድ አድርጎ ማየት አይቻልም። ይልቅ የማዕከሉ እውነተኛ ድክመት ሌላ ቦታ ነው ያለው። ሦስቱ ዓመት ሲያልቅ ልጁ አምስተኛ ክፍል የሚገባው ብዙ ጊዜ ከሩቁ መደበኛ ትምህርት ቤት ነው፤ አመቻቹም ከዚያ በኋላ አይጠይቀውም። ያጠናቀቁትን ልጆች ስም ዝርዝር ለተቀባዩ ርዕሰ መምህር በእጁ ቢያስረክብና መስከረም ላይ ማን እንዳልተመዘገበ አብረው ቢያዩ፣ ወጪው የአንድ ቀን መንገድ ነው። መስከረም ደግሞ ሸማኔው ለመስቀል የሚመጣበት ወር ነው።