የአሜሪካ የኮፒራይት ሕግ ትንሿን የንግድ ፔጃችንን እንዴት ያዘጋል?

እህቶች፣ ብዙዎቻችን ከቤት ሥራው ጎን ትንሽ ነገር እንሞክራለን። አንዷ ከሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ አስመጥታ ፌስቡክ ላይ ትሸጣለች፣ ሌላዋ በርበሬና ሽሮ በዩቲዩብ ታስተዋውቃለች፣ ሌላዋ ደግሞ አገር ቤት ላለችው እህቷ ሱቅ ፔጅ ከፍታ ከዚህ ሆና ትመራለች። ታዲያ «የኮፒራይት መብት ስለጣሱ ፖስትዎ ተነስቷል» የሚል መልእክት ሲመጣ ብዙዎች ይደነግጣሉ። ሲደጋገም ፔጁ ይዘጋል፣ ያጠራቀምናቸው ደንበኞችም አብረው ይጠፋሉ። «እኔ ያለሁት ሊባኖስ፣ የአሜሪካ ሕግ ምን አገባው?» ለምትሉ፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

ኮፒራይት ማለት ምንድን ነው?

ፎቶ ያነሳ፣ ዘፈን የሠራ፣ ቪዲዮ የቀረጸ ሰው በሥራው ላይ ያለው መብት ነው። ያለ ፈቃዱ ወስደን ለንግድ ብንጠቀምበት ሊጠይቀን ይችላል። አገራችንም ሕግ አላት፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል። ኤምሬትስም እ.ኤ.አ. በ2021 አዲስ የኮፒራይት ሕግ አውጥታለች። ግን ፔጃችንን ቶሎ የሚነካው የአሜሪካው ነው።

ለምን የአሜሪካው?

ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዩቲዩብ የአሜሪካ ድርጅቶች ስለሆኑ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ዲኤምሲኤ የሚባል ሕግ አውጥታለች። ሕጉ ለነዚህ ድርጅቶች የሚላቸው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ተጠቃሚዎቻችሁ የሰው ሥራ ቢለጥፉ እናንተ በካሳ አትጠየቁም፤ ግን ባለመብቱ ሲያመለክት ቶሎ አንሱት፣ እየደጋገመ የሚያጠፋውንም ሰው አካውንት ዝጉ።

ስለዚህ ድርጅቱ ዳኛ ሆኖ ማን እውነተኛ እንደሆነ እስኪያጣራ አይጠብቅም። ለራሱ ስለሚፈራ መጀመሪያ ያነሳል፣ ክርክሩ ከዛ በኋላ ነው። ዩቲዩብ ለምሳሌ በ90 ቀን ውስጥ 3 ማስጠንቀቂያ የደረሰበትን ቻናል ሊዘጋ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

«ፎቶው ጎግል ላይ ነው ያገኘሁት» ማለት አያድንም። ጎግል ያሳያል እንጂ የፎቶው ባለቤት አይደለም። «መብቱ የባለቤቱ ነው» ብሎ ከሥር መጻፍም ፈቃድ አይሆንም። ዘፈኑን ጥቂት ሰከንድ ብቻ ብጠቀም ችግር የለውም የሚባለውም እንደ ሕግ የተጻፈ ነገር አይደለም። ደግሞ ለግል ቪዲዮ የተፈቀደ ዘፈን ሁሉ ለንግድ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ቲክቶክም ሆነ ፌስቡክ ለንግድ የሚሆን ሙዚቃ ለብቻው አስቀምጠዋል፤ ከዛ ምረጡ።

ፖስታችሁ ያለ ጥፋት ቢነሳስ?

ሕጉ መቃወሚያ እንድታስገቡ ይፈቅዳል። መቃወሚያ ካስገባችሁ በኋላ ከሳሹ ፍርድ ቤት ካልሄደ ፖስቱ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። እዚህ ጋ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። መቃወሚያው ላይ ሙሉ ስማችሁን፣ አድራሻችሁንና ስልካችሁን ትጽፋላችሁ፤ ቅጂው ለከሳሹ ይላካል። ክስ ቢመጣም በአሜሪካ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ተስማምቻለሁ ብላችሁ ትፈርማላችሁ። በዛ ፍርድ ቤት ደግሞ ካሳው ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ 150,000 ሊደርስ ይችላል።

የብዙዎቻችን መኖሪያ ፈቃድ በአሠሪያችን ስም የተያዘ ነው፤ አድራሻችንም የማዳም ቤት ነው። ከኮንትራቱ ውጪ መነገድ በራሱ ሊያስጠይቅ በሚችልበት አገር ይህን ለማናውቀው ሰው መስጠት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ፎቶው በእርግጥ የሰው ከሆነ መቃወሚያ አታስገቡ። ይልቅ ባለቤቱን በመልእክት ይቅርታ ጠይቁ፤ እሱ ራሱ አቤቱታውን ካነሳ ነገሩ ያልቃል። የራሳችሁ ሥራ ከሆነ ግን መቃወሚያ ከማስገባታችሁ በፊት ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው አማክሩ።

ከሌቦችም ተጠንቀቁ

«ኮፒራይት ጥሳችኋል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይህን ሊንክ ካልነካችሁ ፔጃችሁ ይዘጋል» የሚል መልእክት በውስጥ መስመር ከመጣ፣ ሊንኩን አትንኩ። የይለፍ ቃል የሚሰርቁት እንደዚህ እያስፈራሩ ነው። እውነተኛ ማስጠንቀቂያ መሆኑን ለማወቅ ራሳችሁ አፑን ከፍታችሁ የአካውንታችሁን ሁኔታ እዩ።

አሁን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የምትሸጡትን ዕቃ ራሳችሁ ፎቶ አንሱ። በመስኮት ብርሃን፣ በነጭ ነጠላ ላይ ዘርግታችሁ ካነሳችሁት ለሽያጭ ይበቃል፤ መብቱም የእናንተ ይሆናል። የማዳም ቤት፣ ልጆችና ዕቃ ግን ፎቶው ውስጥ እንዳይገቡ።

ሁለተኛ፣ ዕቃውን የምታመጡበት ነጋዴ የራሱ ፎቶ ካለው «ፔጄ ላይ ልለጥፈው?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም አስቀምጡ። ግን ፎቶውን እሱም ከሌላ ሰው ወስዶት እንዳይሆን አረጋግጡ።

ሦስተኛ፣ የድሮ ፖስቶቻችሁን ዛሬውኑ ፈትሹ። ያለ ፈቃድ የተወሰደ ፎቶ ወይም ዘፈን ካለ ማንም ሳያመለክት በፊት አጥፉት።

አራተኛ፣ የደንበኞቻችሁን ስልክ ደብተር ላይ ጻፉ። ፔጁ በሰው ቤት ያለ ሱቅ ነው፣ ባለቤቱ በፈለገ ቀን ይዘጋዋል። ደብተሩ ግን በእጃችሁ ነው፤ ፔጁ ቢዘጋ እንኳን በማግስቱ ደውላችሁ ሥራችሁን ትቀጥላላችሁ።