የሳንባ ዘቦች፦ የሰርፋክታንት ፕሮቲኖችና የሳንባ በሽታ

በሰሜን ወሎ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በሮቢትና በዙሪያዋ ባለው የራያ ቆላ ማሽላ ዋነኛ ሰብል ነው። ሰብሉ በዐውድማ ላይ ሲወቃና ሲመነሽ እብቅና አቧራ ይነሣል፤ ከአቧራውም ጋር ለዓይን የማይታዩ የሻጋታ ዘሮች ይነሣሉ። በቤት ውስጥ ደግሞ የማገዶ ጢስ አለ። በቤተሰቡ መካከል በሳንባ ነቀርሳ የታመመ ሰው ካለ፣ ሲስል የበሽታው ባክቴሪያ ወደ አየሩ ይገባል። ይህን ሁሉ እየተነፈስን ሁላችንም የማንታመመው ስለ ምንድን ነው? ከመልሶቹ አንዱ የሚገኘው የሳንባን ውስጠኛ ገጽ በሸፈነ ስስ ፈሳሽ ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ የዚያን ፈሳሽ ፕሮቲኖች ተግባር ያብራራል።

ሳንባን ከፍቶ የሚይዝ ፈሳሽ

ሳንባ በመቶ ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች የተሠራ ነው። የእነዚህ ከረጢቶች ውስጠኛ ገጽ እርጥብ ነው። የውኃ ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው ስለሚሳሳቡ የገጽ ውጥረት ይፈጠራል፤ ውጥረቱም ከረጢቶቹን ወደ ውስጥ ስቦ ሊያጣብቃቸው ይሞክራል። ይህን የሚከላከለው ሰርፋክታንት የተባለው ፈሳሽ ነው። ከይዘቱ 90 በመቶ ያህሉ ቅባት፣ 10 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1959 ሜሪ ኤለን ኤቨሪ እና ጄር ሚድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ያለ ቀናቸው ተወልደው በመተንፈስ ችግር የሞቱ ሕፃናት ሳንባ ይህ ፈሳሽ እንደሚጎድለው አሳዩ። ችግሩ ለአገራችንም ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት፣ ያለ ቀናቸው ተወልደው ከሞቱት 1,109 ሕፃናት መካከል 45 በመቶ የሚሆኑት የሞቱት በዚሁ የመተንፈስ ችግር ነበር።

አራቱ ፕሮቲኖች

በሰርፋክታንት ውስጥ ኤስፒ-ኤ፣ ኤስፒ-ቢ፣ ኤስፒ-ሲ እና ኤስፒ-ዲ የሚባሉ አራት ፕሮቲኖች ይገኛሉ። ቢ እና ሲ ቅባቱን በከረጢቱ ገጽ ላይ የሚያነጥፉ ናቸው። ኤ እና ዲ ግን በዋነኛነት የዘብነት ሥራ አላቸው። የኤስፒ-ኤ 18 ሰንሰለቶች እንደ እቅፍ አበባ፣ የኤስፒ-ዲ 12 ሰንሰለቶች ደግሞ እንደ መስቀል ተደራጅተዋል። በየጫፋቸው ያለው ክፍል በካልሲየም እየታገዘ በባክቴሪያ፣ በቫይረስና በሻጋታ ገጽ ላይ የሚገኙ ስኳሮችን ለይቶ ይይዛል። የተያዘው ተሕዋስ ይጓጉላል፤ ማክሮፌጅ የተባለው በላዔ ሕዋስም በቀላሉ ይውጠዋል።

ዘቦቹ ሌላም ኃላፊነት አለባቸው። የሳንባ ግድግዳ እጅግ ስስ በመሆኑ በየአቧራው ሁሉ ቢቆጣና ቢያብጥ መተንፈስ አይቻልም ነበር። ስለዚህ ወራሪ በሌለበት ጊዜ ኤ እና ዲ የመከላከያ ሕዋሳቱን ቁጣ ያበርዳሉ።

ዘቡ በር ሲከፍት

የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ግን ከሌሎች ይለያል። በማክሮፌጅ መዋጥ ለብዙ ተሕዋስያን ሞት ሲሆን ለእርሱ መኖሪያ ማግኘት ነው። በላቦራቶሪ እንደታየው፣ ኤስፒ-ዲ ባክቴሪያውን ይዞ ወደ ማክሮፌጅ እንዳይገባ ሲያግደው፣ ኤስፒ-ኤ በአንጻሩ መግቢያውን ያመቻችለታል። አንዱ ዘብ በሩን ሲዘጋ ሌላው ይከፍታል ማለት ነው።

ይህ በሰው ላይ ትርጉም ይኖረው ይሆን? ጥያቄው ከተመረመረባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ የካናዳና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት 181 ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችንና በውስጣቸው የነበሩ 226 የነቀርሳ ሕሙማንን መርምሯል። ኤስፒ-ኤን የሚያሠሩ ሁለት ዘረ መሎች አሉ፤ በእነዚህ ላይ ከሚታዩት ልዩነቶች አራቱ ከበሽታው ጋር ተያይዘው ተገኙ። የግንኙነቱም ጥንካሬ እንደ ሕሙማኑ ጾታና እንደ ሕመሙ ክብደት የሚለያይ ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ ነቀርሳ የዘር በሽታ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያው ነው፤ በሽታውም በመድኃኒት ይድናል። ዘረ መሉ የሚለውጠው የተጋላጭነትን መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ ከአንድ ቤት ሁለት ሰው ቢታመም ቤተሰቡን በዘሩ መጠርጠርና ማግለል ሳይንሳዊ መሠረት የለውም።

ከእውቀት ወደ ሕክምና

ያለ ቀናቸው ለተወለዱ ሕፃናት የሚሰጠው፣ ከከብት ወይም ከዐሳማ ሳንባ የሚዘጋጀው ሰርፋክታንት ቢ እና ሲን ይዟል፤ ኤ እና ዲ ግን በዝግጅቱ ሂደት ተወግደዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሳንባውን ይከፍታል እንጂ ዘቦቹን አያመጣም። ይህን ክፍተት ለመሙላት በላቦራቶሪ የተመረተ ኤስፒ-ዲን ለእነዚህ ሕፃናት የመስጠት ሙከራ ተጀምሯል።

እስከዚያው የዘቦቹን ሸክም ማቅለል በእጃችን ነው። የሲጋራ ጢስ በሳንባ ውስጥ ያለውን የኤ እና የዲ መጠን እንደሚቀንስ ታውቋል። የማብሰያ ቤቱን ጢስ ማስወጣት፣ በዐውድማ ላይ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለበትን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ከማንም አቅም በላይ አይደለም። ዘቦቹ ሌት ተቀን ሥራ ላይ ናቸው፤ ጠላት ባበዛንባቸው ቁጥር ግን የሚያመልጣቸው ይበዛል።